በሰው አገር የመጀመሪያው ቀን
ለማገልገል ለሚሄዱ ወጣቶች በዶርዜ ምሳሌ የቀረበ የምግባር ትምህርት

የክርስቶስን ፍቅር በሥራ ለመግለጥ ብለው ያለ ደመወዝ ሊያገለግሉ ወደ ሩቅ አገር የሚሄዱ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ከባሕር ማዶ ወደ እኛ የሚመጡ አሉ፤ ከእኛም ዘንድ ወደ ሌላ አገር የሚሄዱ አሉ፤ ደግሞም ከአዲስ አበባ ተነሥተው ቋንቋውን ወደማያውቁት ወደ ገዛ አገራቸው ክፍል የሚወርዱ ተማሪዎች አሉ። ይህ የሚመሰገን እንጂ የሚነቀፍ ነገር አይደለም። ነገር ግን መልካም አሳብ ብቻውን መልካም ሥራ ሊሆን አይችልም። ገበሬ ዘሩን ብቻ አይቶ መሬቱን ሳያይ ቢዘራ በመከር ጊዜ ያፍራል። አገሩን ሳያውቅ የሚያገለግል ሰውም እንደዚሁ ነው።

ከቀኖቹም ሁሉ የሚከብደው የመጀመሪያው ቀን ነው። በዚያ ቀን እንግዳው የአገሩን ሰው ገና አላወቀም፤ የአገሩ ሰው ግን እንግዳውን ከእግሩ እስከ ራሱ ተመልክቶታል። ስለዚህ በአንዲት ቀን የተሠራች ስሕተት ብዙ ወር ሊያስተካክላት የማይችል እንዳትሆን አስቀድሞ መማር ይገባል። ይህንንም የምናስተምረው በጋሞ ደጋ ባለችው በዶርዜ ምሳሌ ነው።

ስለ አገሩ

አርባ ምንጭ ከዓባያና ከጫሞ ሐይቆች አጠገብ ያለች የቈላ ከተማ ናት። ከዚያ ወደ ጨንቻ የሚያወጣው መንገድ ጠመዝማዛ ነው፤ ሙቀቱ እየቀረ፥ ጉሙ እየወረደ፥ ቀርከሃውና እንሰቱ እየበዛ ይሄዳል። ጨንቻ አርባ ምንጭ ሳትቈረቈር የጋሞ ጐፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። ዶርዜ የምትገኘው በዚሁ መንገድ ላይ ነው።

የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ተጠላልፎ የሚሠራ ረጅም ቤት ነው። በፊቱ ወጣ ብሎ የተሠራው መግቢያ የዝሆን ኵምቢ ስለሚመስል ቤቱ ራሱ የዝሆን ራስ ይመስላል ይባላል። ምስጥ እግሩን በበላው ቍጥር ቤቱ እያጠረ ይሄዳል፤ ሆኖም ብዙ ዘመን ይቈማል፤ ቢያስፈልግም ሰዎች ተሰብስበው ተሸክመው ወደ ሌላ ቦታ ይወስዱታል። ምግቡ በብዛት ከእንሰት የሚዘጋጀው ቆጮ ነው። ሥራው ደግሞ ሽመና ነው፤ ሴቶቹ ይፈትላሉ፥ ወንዶቹ ይሸምናሉ። ከዚህ አገር የወጡ ሸማኔዎች በአዲስ አበባ በሽሮ ሜዳና በሌላውም ሰፈር ተቀምጠው ኑሮአቸውን በዚሁ ሙያ ይመራሉ፤ ለመስቀል በዓል ግን ወደ ትውልድ ቦታቸው ይመለሳሉ። የከተማው ሰው በበዓል ቀን ለብሶት ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ነጠላ ብዙ ጊዜ የእነዚህ ሰዎች እጅ ሥራ ነው።

ምሳሌ

ከዚህ ቀጥሎ የምንነግረው የአንድ የታወቀ ሰው ታሪክ አይደለም፤ ለትምህርት የቀረበ ምሳሌ ነው። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ነገር በብዙ ቦታ ይሆናል።

ስድስት ወጣቶች ከባሕር ማዶ ለማገልገል መጡ። አስተርጓሚያቸውም በሽሮ ሜዳ ያደገ አንድ ተማሪ ነበር። አባቱ የዶርዜ ሸማኔ ስለ ነበረ ቋንቋውን ከእናትና ከአባቱ ተምሮአል። ነገር ግን በትምህርት ቤት «የሸማኔ ልጅ» ብለው እንዳይሰድቡት ፈርቶ የአባቱን ሥራ ለባልንጀሮቹ ተናግሮ አያውቅም ነበር። ለእነዚህም እንግዶች አልነገራቸውም።

በመኪና ሆነው ወደ ዶርዜ ሲወጡ ሕፃናት በመንገዱ ዳር እየዘለሉና እየጨፈሩ ተከተሉአቸው። ከወጣቶቹ አንዱ አዝኖ ከረሜላ በመስኮት በተነላቸው። ሕፃናቱም ለመልቀም ወደ መንገዱ መካከል ገቡ፤ ሾፌሩ በጭንቅ አቆመ። «ወንድሜ፤» አለው ተማሪውን፥ «ዛሬ እግዚአብሔር አተረፋቸው፤ ነገ ግን ሌላ መኪና ሲመጣ ደግሞ ይገባሉ። ይህን ንገራቸው።» ተማሪውም እንግዶቹን ማሳፈር ስላልወደደ ዝም አለ።

በደረሱም ጊዜ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ በቤታቸው ተቀበሉአቸው። ባለቤታቸው ቆጮ ከማርና ከዳጣ ጋር አቀረቡ። ከወጣቶቹ ሁለቱ ቀመሱ፤ አራቱ ግን ሆዳችንን ያመናል ብለው ከያዙት ከረጢት የታሸገ ብስኩት አውጥተው በሉ። እመቤቲቱ ምንም አልተናገሩም፤ ሳሕኑን አንሥተው ወደ ውስጥ ገቡ።

ከዚያ በኋላ ወጣቶቹ ከመኪናው ላይ ትልልቅ እስር አወረዱ። በውስጡም ከአገራቸው የተሰበሰበ የተለበሰ ልብስ ነበረበት። በሽማግሌው ግቢ፥ በሸማው ዕቃ አጠገብ ፈትተው ከመሩት። ሽማግሌውም ከተቀመጡበት ጕድጓድ እግራቸውን አውጥተው፥ መወርወሪያውን አስቀምጠው፥ ጥቂት ዝም ብለው ከቈዩ በኋላ ለተማሪው እንዲህ አሉት፤

«ልጄ፤ ለእነዚህ ልጆች እንዲህ በልልኝ። ከሩቅ ስለ መምጣታችሁ እግዚአብሔር ያክብራችሁ። ግን ሸማኔን የማልበስን አሳብ ማን ሰጣችሁ? እኛ ሌላውን የምናለብስ ሰዎች ነን። ይህ ሁሉ ልብስ ያለ ዋጋ በመንደሩ ቢበተን በሚመጣው ገበያ የእኔን ጋቢ ማን ይገዛኛል? የጐረቤቴስ ሚስት የፈተለችውን ማን ይወስድላታል? ችግር የለብንም አልልም፤ አለብን። ችግራችን ምን እንደ ሆነ ግን አልጠየቃችሁንም።»

ወጣቶቹም «ምን አሉ?» ብለው ጠየቁ። ተማሪውም «በጣም ደስ ብሎአቸዋል፤ ያመሰግኑአችኋል» አላቸው።

እነርሱም ደስ ብሎአቸው ልብሱን ማደል ጀመሩ። ሰው ተሰበሰበ፤ ግፊያ ሆነ፤ እስከዚያች ቀን ድረስ እሳት ሲጫጫሩ የኖሩ ሁለት ጐረቤታሞች በአንድ ካፖርት ተጣሉ። ወጣቶቹ ይህን ሁሉ ደስታ መስሎአቸው ፎቶግራፍ አነሡ። ሽማግሌው ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ እስኪመሽም ድረስ ቃል አልተናገሩም።

በሌሊት እሳቱ ዳር ተማሪውና ሽማግሌው ብቻቸውን ቀሩ። ሽማግሌውም አሉት፤ «ልጄ፤ የእነርሱን ቋንቋ አላውቅም። ነገር ግን ድር ስለካ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ የነገርን ርዝመት አውቃለሁ። እኔ የተናገርሁት ረጅም ነበር፤ አንተ የነገርሃቸው አጭር ነው። የቀረውን ወዴት አደረግኸው?»

ተማሪው የሚመልሰው አጣ። ኋላም «አባቴ፤ እንዳያፍሩ ብዬ ነው» አለ። ሽማግሌውም፤ «እነርሱ እንዳያፍሩ ብለህ እኔን ሐሰተኛ አደረግኸኝ፤ ያላልሁትን አልሁ። ደግሞስ ያፈርኸው ስለ እነርሱ ነው ወይስ ስለ እኛ? የማን ልጅ ነህ?» አሉት። በዚያን ጊዜ የአባቱን ስም ነገራቸው፤ የአባቱንም ሥራ ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በአፉ ተናገረ። ሽማግሌውም አባቱን በሕፃንነት ያውቁት ኖሮ ተነሥተው ሳሙት።

ተማሪው ግን ሊተኛ አልቻለም። ወዲያው ሄዶ የወጣቶቹን አለቃ ቀሰቀሰና ሾፌሩ የተናገረውን፥ ሽማግሌውም የተናገሩትን፥ እርሱም የሸሸገውን ሁሉ አንድም ሳያስቀር ነገረው። አለቃውም መጀመሪያ ተቈጣ፤ «ስለ ምን በጊዜው አልነገርኸንም?» አለው። ቈይቶም፤ «እኛም አንድ ቀን ሙሉ ስናድል ውለን፥ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቅንም» ብሎ ራሱን ዝቅ አደረገ።

በማግሥቱ ወጣቶቹ ወደ ሽማግሌው ቀርበው ይቅርታ ለመኑ፤ ያልተፈታውንም እስር ወደ መኪናው መለሱ። እመቤቲቱ እንደ ገና ቆጮ አቀረቡ፤ በዚህ ጊዜ ሁሉም በሉ። ቀጥለውም «ምን እናድርግ?» ብለው ጠየቁ። ሽማግሌው መለሱ፤ «ከዚህ በታች አንድ ጐረቤት አለን። እግሩ በዝሆኔ በሽታ ስላበጠ እጁን የሚጨብጠው ሰው የለም፤ ወደ ሰርግም ወደ ልቅሶም አይጠራም። ብትወዱ ወደ እርሱ ሂዱ።» ሄዱም። የጤና ሠራተኛው እያሳያቸው እግሩን በውኃና በሳሙና አጠቡ፤ አደረቁ፥ ቅባትም ቀቡ። ጐረቤቶቹ ከሩቅ ቈመው ሲያዩ ዋሉ፤ ከመካከላቸውም አንዲት ሴት ቀርባ የውኃውን ማሰሮ ያዘች።

ከምሳሌው የምናገኘው ትምህርት

1ኛ። ከመስጠት በፊት መቀበልን መማር ይገባል። በሉቃስ ወንጌል በ10ኛው ምዕራፍ ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን ሲልክ በገቡበት ቤት የቀረበላቸውን እንዲበሉ አዘዛቸው። ይህ ትእዛዝ ስለ ሆድ ብቻ የተነገረ አይምሰለን። የሰውን ማዕድ የሚበላ ሰው የዚያ ሰው ባለዕዳ ይሆናልና፤ ባለዕዳም የሆነ ሰው አይታበይም። ሕመም የሚያስቸግረው ሰው ቢኖር በትሕትና ይንገር፤ ጥቂትም ይቅመስ፤ በባለቤቱ ፊት የገዛ ስንቁን ፈትቶ አይብላ። ከአገሩ ቋንቋም ቢያንስ ሰላምታውን ያጥና። በጋሞ «ሳሮ» ብሎ ሰላም የሚል እንግዳ ብዙ ስጦታ ከያዘ ዝምተኛ ይልቅ ይወደዳል።

2ኛ። ስጦታ ሁሉ በረከት አይደለም። የሸማኔ አገር ልብስ ሲታደልበት፥ የሸማኔው ገበያ ይዘጋል፤ የፈታዪቱም እንዝርት ይቆማል። በመንገድ የተበተነ ከረሜላም ሕፃኑን ከትምህርት ቤት ወደ መንገድ ይጠራዋል። ስለዚህ አስቀድመህ ጠይቅ፤ «ይህን ብሰጥ ማን ይጠቀማል? ማንስ እንጀራውን ያጣል?» ብለህ መርምር። ሸማውን በተገቢው ዋጋ መግዛት ብዙ ጊዜ አሮጌ ልብስ ከመስጠት ይበልጣል፤ መግዛት የሰውየውን ሙያ ያከብራልና።

የዝሆኔ በሽታ ነገር ግን ከዚህ ይለያል። በደቡብ ኢትዮጵያ ደጋ፥ በወላይታና በጋሞም የሚታየው ይህ በሽታ በእሳተ ገሞራ ከተፈጠረው ቀይ አፈር የሚመጣ ነው፤ ለብዙ ዓመት በባዶ እግር የሚሄዱትን ይይዛል። በአገራችን ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በዚህ ሕመም እንደሚሠቃዩ ተገምቶአል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ስለዚህ ሕመምተኛውን መሸሽ ካለማወቅ የመጣ ጭካኔ ነው። ከሕፃንነት ጀምሮ ጫማ ማድረግ በሽታውን ይከለክላል፤ የታመመውም ዕለት ዕለት እግሩን ቢያጥብ፥ ቢቀባና ጫማ ቢያደርግ እብጠቱ ይቀንስለታል። ጌታችን በመጨረሻይቱ ሌሊት ውኃና ማበሻ ይዞ የደቀ መዛሙርቱን እግር እንዳጠበ እናውቃለን። በዚህ አገር ያ ሥራ ምሳሌ ብቻ ሳይሆን መድኃኒት ነው።

3ኛ። አስተርጓሚ የእውነት አገልጋይ ነው። ተማሪ የሆንህ አንባቢ ሆይ፤ ይህ በተለይ ለአንተ ነው። ሁለት ቋንቋ ማወቅ በሁለት ወገኖች መካከል ያለ ድልድይ መሆን ነው፤ ድልድይም የሚያልፍበትን እየመረጠ አይጥልም። እንግዳን ለማስደሰት የባለ አገሩን ቃል የሚያሳጥር ሰው ሁለቱንም ይበድላል፤ አንዱን ከመናገር፥ ሁለተኛውን ከመማር ይከለክላቸዋል። የተነገረው መራራ ቢሆን በለሰለሰ ድምፅ ተናገረው፤ ነገር ግን ሳታጐድል ተናገረው። ደግሞም ተማሪው ከመዋሸቱ በፊት በአባቱ ሙያ አፍሮ ነበር፤ የኋለኛው ሐሰት ከፊተኛው እፍረት ተወለደ። የእጅ ሥራን መናቅ በአገራችን የቈየ ክፉ ልማድ ነው። ጌታችን ራሱ በአናጢ ቤት አድጎ ሳለ እኛ ሸማኔን፥ ሸክላ ሠሪንና ቀጥቃጭን ብንንቅ በማን ስም እንጠራለን?

4ኛ። የክርስቲያን ስም አይበቃም። ዳን ስፐርበር የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ በዶርዜ ኖሮ በ1966 ዓ.ም. ገደማ በታተመ መጽሐፉ አንድ ነገር ጽፎአል። የዶርዜ ሰዎች ነብር ክርስቲያን ነው፥ ረቡዕና ዓርብም ይጾማል ይላሉ፤ ሆኖም ረቡዕም ዓርብም ከብታቸውን ከነብር መጠበቅን አይተዉም። ሊቁ ይህን የጻፈው ስለ ምሥጢራዊ አነጋገር ለመመርመር ነበር። እኛ ግን ለምግባር እንጠቀምበት። በማናቸውም አገር ያለ አስተዋይ ሰው እንግዳውን «ክርስቲያን ነኝ፥ ላገለግል መጣሁ» ስላለ ብቻ በረቱን አይከፍትለትም፤ ሥራውን ይጠብቃል። ይህም ቅር ሊያሰኘን አይገባም። ታማኝነት በቃል አይጠየቅም፤ በብዙ ቀን ይገኛል እንጂ።

5ኛ። ከአንተ በፊት በዚያ የነበረውን አክብር። በጋሞ ደጋ እንደ ብርብር ማርያም ያሉ ከጥንት ጀምሮ የኖሩ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ እግዚአብሔር በአንተ መኪና ተጭኖ ወደዚያ አልደረሰም። የጋሞ ሽማግሌዎችም ዱቡሻ በሚባለው አደባባይ ተቀምጠው ነገርን በመስማትና በማስታረቅ የታወቁ ናቸው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አጠገብ በቡራዩ ብዙ የጋሞ ተወላጆች በተገደሉ ጊዜ በአርባ ምንጭ ወጣቶች ተቈጥተው ለበቀል ተነሥተው ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ የራሳቸው ሐዘን ሳለ የሌላውን ደም እንዳያፈስሱ ለመኑአቸው። ወጣቶቹም ሰምተው ተመለሱ። እንግዲህ ጠላትን ስለ መውደድ ለማስተማር ወደ ጋሞ የሚሄድ ሰው በእነዚህ ሽማግሌዎች እግር ሥር ጥቂት ቢቀመጥ ምን ይጐዳዋል?

6ኛ። ሥራው የእንግዳው አይደለም። ይህን ከታሪክ እንረዳለን። ዶክተር ላምቢ ከባልንጀሮቹ ጋር በ1920 ዓ.ም. ወደ ደቡብ ሲነሣ ወደ ጂማ ለመሄድ አስቦ ነበር፤ መንገዱ ግን ተለውጦ ሚሲዮናውያኑ በከምባታ፥ በሲዳሞና በወላይታ ተቀመጡ። በወላይታ ሶዶ የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ምእመናን የተጠመቁት በ1926 ዓ.ም. ነበር። በ1929 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር እንግዶቹን ከወላይታ ባስወጣቸው ጊዜ የተጠመቁት ምእመናን ከ50 አይበልጡም ነበር። ሚሲዮናውያኑ ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ግን ወደ 10,000 የሚሆኑ ምእመናን እንዳገኙ ታሪካቸው ይናገራል። በእነዚያ የስደት ዓመታት ያስተማረው፥ የተገረፈውና የታሰረው የአገሩ ሰው ነበር። ቀጥሎም የወላይታ ወንጌላውያን ወደ ጋሞና ወደ ጐፋ፥ ወደ ሌላውም አገር ለማስተማር ወጡ። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ እንዲሉ የጋሞን ሰው አነጋገር ከባሕር ማዶ ከመጣው ይልቅ የወላይታ ሰው ፈጥኖ ይሰማው ነበር፤ ቋንቋዎቻቸው የተዛመዱ ናቸውና።

ይህን የምንናገረው የእንግዶቹን ድካም ለማቃለል አይደለም፤ ዘሩን ይዘው የመጡ እነርሱ ናቸው። ነገር ግን አገልጋይ ሲሄድ የሚፈርስ ሥራ፥ የአገልጋዩ ክብር እንጂ የሰዎቹ ጥቅም አልነበረም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የምትሄድበትን ቀን አስብ፤ ከአንተም በኋላ ሥራውን ይዞ የሚቀረውን ሰው ፈልገህ ከጐኑ ቁም።

ራስን ስለ መመርመር

ይህን ትምህርት ያነበበ ሰው ከመንገዱ በፊትም፥ በመጀመሪያውም ቀን ማታ እነዚህን ጥያቄዎች በእግዚአብሔር ፊት ይጠይቅ።

ዛሬ ከተናገርሁት ይልቅ የሰማሁት በዝቶአልን?
ከማን እጅ ምን ተቀበልሁ? አመሰገንሁስን?
የሰጠሁት ነገር የሌላውን ሰው እንጀራ አልነካምን?
የሰውን ፊት በፎቶግራፍ ከማንሣቴ በፊት ፈቃዱን ጠይቄአለሁን?
ቃል አስተርጕሜ እንደ ሆነ ያጐደልሁት ወይም የጨመርሁት አለን?
ይህን ቀን ማንም ባያየው፥ በፎቶግራፍም ባይወጣ፥ እንደዚሁ እሠራው ነበርን?

በዚህ ምርመራ ጐድሎ የተገኘ ሰው ተስፋ አይቍረጥ። በምሳሌአችን ያሉት ወጣቶች የመጀመሪያ ቀናቸውን አበላሽተዋል፤ ተማሪውም ዋሽቶአል። ነገር ግን ሌሊቱ ሳያልፍ እውነት ስለ ተነገረ በማግሥቱ ከእነዚያው ሰዎች ጋር በአንድ ማዕድ ተቀመጡ። ውድ አንባቢ ሆይ፤ አንተም በአንድ ቤት ያጐደልኸው ነገር እንዳለ ብታስታውስ ቀኑ ሳይረዝም ተመለስ። ወደ ዶርዜ ቤት የሚገባ ሰው በዚያች በወጣች መግቢያ ጐንበስ ብሎ ይገባል፤ ረጅሙን ቤት የሚያየው ከገባ በኋላ ነው።